አፍሪካዊ የተባልነው ከመቼ ጀምሮ ነው?

የመላው አፍሪካ ብሔርተኝነት አመጣጥና ትርጉም

ጥያቄው

አንድ ማታ ለንባብ መለማመጃ በሰሌዳ ላይ ከጻፍናቸው ቃላት አንዱ «አፍሪካ» የሚል ነበር። ቃሉን የመረጥነው ለትርጉሙ አልነበረም። ያን ሰሞን የ«ፈ»ን ዘር እያስተማርን ስለ ነበር «ፍ» ያለበት ቃል ፈልገን ነው። ከተማሪዎቻችን ሁሉ በዕድሜ የገፉት አንድ አባት ቃሉን ፊደል በፊደል እየቆጠሩ አነበቡትና፣ «ልጆቼ፣ ይህ አፍሪካ የምትሉት አገር ከዚህ የስንት ቀን መንገድ ነው?» ሲሉ ጠየቁን።

ወጣቶቹ ሳቁ። እኛም ሳቃችንን ዋጥ አድርገን፣ «አባባ፣ ሩቅ እኮ አይደለም። ይህ የተቀመጡበት መሬት ራሱ አፍሪካ ነው። እርስዎም አፍሪካዊ ነዎት» አልናቸው።

እርሳቸው ግን አልሳቁም። «በስሜ ተጠርቻለሁ፤ በአባቴ ስም ተጠርቻለሁ፤ በአገሬም በሃይማኖቴም ተጠርቻለሁ። በዚህ ስም የጠራኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም። ማን ነው ያወጣልኝ? መቼስ ነው የወጣልኝ?» አሉን።

ዝም አልን። ከዩኒቨርሲቲ የመጣን ዘማቾች ነን፤ ስለ አፍሪካ ጥቂት አንብበናል፤ ፈተናም ተፈትነናል። ይህን ጥያቄ ግን የጠየቀን መምህር አልነበረም። እኛም ራሳችንን ጠይቀን አናውቅም። «ይቆዩን አባባ፣ አንብበን መልሱን እናመጣለን» ብለን የዚያን ማታ ትምህርት ዘጋን። ይህ ጽሑፍ ያን ዕዳ ለመክፈል የተዘጋጀ ነው። በጽሑፉ ውስጥ «በእኛ አቆጣጠር» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

የቃሉ ፍች

ብሔርተኝነት ማለት ሰዎች «እኛ አንድ ወገን ነን፤ በራሳችን ጉዳይ የምንወስነውም እኛው መሆን አለብን» ብለው ሲያምኑና ለዚሁም ሲታገሉ የሚያድርባቸው አሳብ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነሣው በአንድ አገር ውስጥ፣ ወይም በአንድ ቋንቋ በሚነጋገር ሕዝብ መካከል ነው። የመላው አፍሪካ ብሔርተኝነት ግን ከዚህ ይሰፋል። በፈረንጆቹ አጠራር ፓን-አፍሪካኒዝም ይባላል። «ፓን» ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ሁሉ» ወይም «መላው» ማለት ነው። እንግዲህ አሳቡ፣ የአፍሪካ ሕዝቦችና ከአፍሪካ ተወስደው በሌላው ዓለም የተበተኑት ልጆቻቸው ዕጣቸው የተያያዘ ስለ ሆነ ትግላቸውም መተባበር አለበት የሚል ነው።

«አፍሪካ» የሚለው ስም ራሱ ጥንታዊ ነው። ሮማውያን በ146 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የካርታጎን ከተማ አፍርሰው፣ ዛሬ ቱኒዝያ በምትባለው አገር ዙሪያ ያለውን ምድር ሲይዙ ግዛቱን «አፍሪካ» አሉት። በኋላ ስሙ እየሰፋ ሄዶ የአህጉሩ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ይህ ግን የመሬቱ ስም ነው። የአባታችን ጥያቄ ስለ መሬቱ አልነበረም፤ ስለ ሰዉ ነው። ሰዉ «አፍሪካዊ ነኝ» ማለት የጀመረው መቼ ነው?

ስሙ የተወለደው በባሕር ማዶ ነው

ከአምስት መቶ ዓመት በፊት አንዱን የአህጉሩን ሰው «ማን ነህ?» ቢሉት መልሱ «ዎሎፍ ነኝ»፣ «አካን ነኝ»፣ «የኮንጎ ንጉሥ ሰው ነኝ» የሚል ይሆን ነበር። ልክ እንደ አባታችን ማለት ነው። በቋንቋ፣ በእምነት፣ በመንግሥት የተለያዩ ሕዝቦች ነበሩ። አልፎ አልፎም እርስ በርስ ይዋጉ ነበር።

ከ1500ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1860ዎቹ ድረስ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የባሪያ ንግድ ሲካሄድ ኖረ። የታሪክ ሰዎች የመርከብ መዝገቦችን አሰባስበው እንደ ገመቱት፣ 12 ሚሊዮን ተኩል የሚያህሉ ሰዎች ከአፍሪካ ጠረፍ ተጭነው ወደ አሜሪካ አህጉርና ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ተወስደዋል። ከእነዚህም ውስጥ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉት የብስ ሳይረግጡ በመንገድ ሞተዋል።

በመርከቡ ሆድ ውስጥ ዮሩባው ከኮንጎው፣ ዎሎፉ ከአካኑ ጋር በአንድ ሰንሰለት ታሰረ። ቋንቋቸው አይገናኝም። ለገዢው ግን ይህ የማን ልጅ ነው፣ ያ የየት አገር ሰው ነው የሚባል ነገር አልነበረም። ሁሉም አንድ ዓይነት ሸቀጥ ነበሩ። የአባታቸውን ስም አጡ፤ በጌታቸው ስም ተጠሩ። ልጆቻቸው ደግሞ አያቶቻቸው የየትኛው መንደር ሰዎች እንደ ነበሩ እንኳ ማወቅ ተሳናቸው።

ያን ጊዜ የቀራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከዚያ ከትልቁ ምድር መምጣታቸው። ይህንኑ ያዙት። በ1787 ገደማ በለንደን ከባርነት ነጻ የወጡት ኦላውዳህ ኢክዊያኖና ጓደኞቹ «የአፍሪካ ልጆች» የሚል ማኅበር መሥርተው የባሪያን ንግድ በመቃወም ለጋዜጦች መጻፍ ጀመሩ። በ1816 በአሜሪካ በፊላዴልፊያ ከተማ፣ በነጮቹ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተለይተው እንዲቀመጡ ይደረጉ የነበሩ ጥቁሮች በሪቻርድ አለን መሪነት የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን አቋቁመው ስሙን «አፍሪካዊ» አሉት። በሃይቲ ደሴት በ1791 ያመፁት ባሮች የፈረንሳይን ጦር ድል አድርገው በጥር 1 ቀን 1804 ነጻ መንግሥት መሠረቱ።

ስለዚህ የአባታችን ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው። «አፍሪካዊ» የሚለውን ስም በኩራት መጠሪያቸው ያደረጉት በመጀመሪያ በአገራቸው የቀሩት ሳይሆኑ ከአገራቸው የተነጠቁት ናቸው። በቤቱ ያለ ሰው የጎጡ ስም ይበቃዋል። የሰፊው ስም ጥቅም ቀድሞ የታወቀው ሌላው ስም ሁሉ ለተወሰደበት ነው።

የኢትዮጵያ ስም በሩቅ አገር

እነዚህ ሰዎች ማንበብ ሲማሩ መጀመሪያ የሚያገኙት መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። እዚያም ውስጥ «ኢትዮጵያ» የሚል ስም አገኙ። በተለይም በመዝሙረ ዳዊት ስለ ኢትዮጵያ የተነገረው ቃል የጥቁር ሕዝብ ሁሉ ተስፋ ተደርጎ ተሰበከ። ለእነርሱ «ኢትዮጵያ» ማለት የአንድ አገር ስም ብቻ ሳይሆን የጥቁር ሕዝብ ሁሉ ስም ነበር። በደቡብ አፍሪካ ማንጌና ሞኮኔ የተባለ ቄስ፣ ነጮቹ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚያደርሱትን አድልዎ በመቃወም ተለይቶ ወጥቶ በ1892 በፕሪቶሪያ «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» የሚባል አቋቋመ። ስሙን ያገኘው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ የመጽሐፉ ስም የጦር ሜዳ ስም ሆነ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የኢትዮጵያ ሠራዊት የኢጣልያን ጦር አድዋ ላይ ድል መታ። ይህ የሆነው መቼ እንደ ሆነ ልብ እንበል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ተደምድሞ በነበረው የበርሊን ጉባኤ (ከ1884 እስከ 1885) 14 መንግሥታት ተሰብስበው አፍሪካን ለመቀራመት የሚስማሙበትን ደንብ አውጥተው ነበር። በዚያ ጉባኤ አንድም አፍሪካዊ አልተጠራም። እንግዲህ አህጉሩ እንደ ቅርጫ ሥጋ በሚከፋፈልበት ሰዓት የአድዋ ወሬ ሲሰማ፣ በሃይቲም በደቡብ አፍሪካም በአሜሪካም ያለው ጥቁር ሕዝብ ድሉን እንደ ራሱ ድል ቆጠረው።

የለንደኑ ስብሰባ

አሳቡ ስምና ድርጅት ያገኘው በ1900 ነው። ሄንሪ ሲልቬስተር ዊልያምስ የተባለ የትሪኒዳድ ተወላጅ የሕግ ሰው ከሐምሌ 23 እስከ 25 በለንደን የመጀመሪያውን የመላው አፍሪካ ጉባኤ አዘጋጀ። ከ30 የሚበልጡ ሰዎች ከካሪቢያን፣ ከአሜሪካ፣ ከብሪታንያና ከአፍሪካ መጡ። ቤኒቶ ሲልቫን የተባለው የሃይቲ ሰው ቀደም ሲል ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ከዳግማዊ አጼ ምኒልክ ጋር ተዋውቆ ስለ ነበር በጉባኤው የእርሳቸው ወኪል ሆኖ ተገኘ። አና ጁሊያ ኩፐር የተባለችው፣ በባርነት ተወልዳ መምህርት ለመሆን የበቃች አሜሪካዊት ንግግር አድርጋለች።

ጉባኤው ነጻነት ይሰጠን ብሎ ገና አልጠየቀም። በደቡባዊ አፍሪካ ጥቁሮች የሚደርስባቸው የግዳጅ ሥራና በደል እንዲቆም ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ አቤቱታ ላከ። ለዓለም መንግሥታት የተጻፈውን መልእክት ያረቀቀው ዊልያም ዱቦይስ የሚባል የ32 ዓመት አሜሪካዊ ምሁር ነበር። መልእክቱ የአዲሱ ምዕተ ዓመት ትልቁ ችግር የቀለም ልዩነት መሆኑን የሚያስገነዝብ ነው። የዚህን ሰው ስም እንያዝ፤ በኋላ ደጋግመን እናገኘዋለን።

ሁለት መንገዶች

ከዚያ በኋላ ንቅናቄው በሁለት መንገድ ሄደ። አንደኛው የዱቦይስ መንገድ ነው። ዱቦይስ የተማረ፣ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። በ1919 በፓሪስ 57 ልዑካን የተገኙበት ጉባኤ አዘጋጀ፤ በ1921፣ በ1923ና በ1927 ሌሎችን አስከተለ። ጉባኤዎቹ የምሁራን ነበሩ። ጽሑፋቸው የጠራ፣ ድምፃቸው ግን ከአዳራሹ ብዙም የማይርቅ ነበር።

ሁለተኛው የማርከስ ጋርቬይ መንገድ ነው። ጋርቬይ የጃማይካ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ በማተሚያ ቤት ሠርቷል። በ1914 በጃማይካ ማኅበር መሠረተ፤ በኋላም ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ። እርሱ ያናገረው ልብስ አጣቢዋን፣ የወደብ ሠራተኛውንና የሆቴል አሳላፊውን ነው። በሳንቲማቸው አክሲዮን እየገዙ «ጥቁር ኮከብ» የሚባል የመርከብ ኩባንያ በ1919 አቋቋሙ። የማኅበሩ ጋዜጣ በብዙ ቅኝ ግዛቶች ታገደ። ሆኖም የኩባንያው ሥራ በአያያዝ ጉድለት ወደቀ። ጋርቬይም በ1923 በፖስታ አማካይነት አጭበርብሯል ተብሎ ተፈረደበት፤ በ1927 ከአሜሪካ ተባረረ፤ በ1940 ለንደን ውስጥ ሞተ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከሞት በኋላ ምሕረት ያደረገለት በጥር 2025 ነው።

ሁለቱ ሰዎች አይዋደዱም ነበር፤ በጋዜጣ ላይ ክፉኛ ተሰዳድበዋል። ሆኖም አሁን ሆነን ስናየው አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ ነበር። ዱቦይስ አሳቡን አብራራ፤ ጋርቬይ አሳቡን ከተራው ሕዝብ ልብ አደረሰው። ጋና በ1957 ነጻ ስትወጣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩን ከኢትዮጵያ፣ ጥቁሩን ኮከብ ከጋርቬይ ወስዳ ባንዲራዋን ሠራች።

የ1935 ቁስል

ፋሺስት ኢጣልያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ይኸውም በጥቅምት 1935፣ ኢትዮጵያን ወረረች። ያኔ ንክሩማ የተባለ የጎልድ ኮስት ወጣት ወደ አሜሪካ ለትምህርት ሲሄድ ለንደን ላይ የወረራውን ወሬ በጋዜጣ ሻጭ ማስታወቂያ ላይ አነበበ። ጦርነቱ በራሱ ላይ የታወጀ ያህል እንደ ተሰማው በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ገልጿል። ኢትዮጵያን አይቷት አያውቅም ነበር።

እንዲህ ያለው ስሜት የንክሩማ ብቻ አልነበረም። በለንደን የትሪኒዳዱ ሲ ኤል አር ጄምስ፣ የጃማይካዋ ኤሚ አሽዉድ ጋርቬይና የኬንያው ጆሞ ኬንያታ ለኢትዮጵያ የሚሟገት ማኅበር አቋቋሙ። በኒው ዮርክ በሃርለም ሰፈር ሰልፍ ተደረገ። ጆን ሮቢንሰን የተባለ የቺካጎ ጥቁር አውሮፕላን አብራሪ አገራችን መጥቶ የጥቂቶቹ አውሮፕላኖቻችን አዛዥ ሆነ፤ ከነጻነት በኋላም ተመልሶ አብራሪዎችን ሲያሠለጥን ቆይቶ በ1954 በአውሮፕላን አደጋ በዚሁ በአገራችን ሞተ። በአሜሪካ ሕክምና የተማሩት ዶክተር መላኩ በያን በ1937 በኒው ዮርክ የዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ፌዴሬሽንን አቋቁመው ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ አስተባበሩ። ጆርጅ ግሪፊዝ የሚባል የብሪቲሽ ጊያና ተወላጅ ደግሞ የእንግሊዝ ስሙን ጥሎ «ራስ መኮንን» ተባለ።

እነዚህ ሰዎች ለእኛ ብለው ገንዘባቸውን፣ ጉልበታቸውን፣ ስማቸውን ሰጡ። ከእነርሱ ውስጥ ስንቶቻችን የስንቱን ስም እናውቃለን? እኛ ዘማቾቹ ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ የብዙዎቹን ስም ያነበብነው ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑን አንሸሽግም።

ከማንቸስተር እስከ አዲስ አበባ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ፣ በጥቅምት 1945፣ በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ አምስተኛው የመላው አፍሪካ ጉባኤ ተሰበሰበ። ከአዘጋጆቹ ዋነኛው የትሪኒዳዱ ጆርጅ ፓድሞር ነው። ራስ መኮንን ያልነው ሰው ማንቸስተር ውስጥ ምግብ ቤቶች ስለ ነበሩት ለጉባኤው ወጪ ረዳ። ንክሩማና ኬንያታ ተገኙ። ዱቦይስም በ77 ዓመቱ በሊቀ መንበርነት ተቀመጠ። ከዚህ ቀደም ከነበሩት ጉባኤዎች የሚለየው ግን የሠራተኛ ማኅበራት ተወካዮች በብዛት መምጣታቸው ነው። ቃሉም ተለወጠ። በ1900 «በደሉ ይቀነስልን» ይባል ነበር፤ በ1945 «ነጻ እንውጣ» ተባለ።

ውጤቱ ብዙ አልዘገየም። ጋና በመጋቢት 6 ቀን 1957 ነጻ ወጣች፤ መሪዋም ያ የጋዜጣውን ማስታወቂያ ያነበበው ንክሩማ ሆነ። በ1958 በአክራ ሁለት ጉባኤዎች ተደረጉ። በሚያዝያው ስምንት ነጻ መንግሥታት ተሰበሰቡ፤ ከእነርሱም አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በታኅሣሡ ደግሞ ገና በትግል ላይ ያሉት ንቅናቄዎች መጡ፤ የኮንጎው ፓትሪስ ሉሙምባ ከእነርሱ አንዱ ነበር። በ1960 ብቻ 17 አገሮች ነጻ ወጡ።

ነጻነት ሲመጣ ግን ክርክር መጣ። የካዛብላንካ ቡድን የሚባሉት ጋናን፣ ጊኒን፣ ግብፅን የመሰሉ አገሮች ቶሎ አንድ እንሁን አሉ። የሞንሮቪያ ቡድን የሚባሉት ናይጄሪያን፣ ላይቤሪያን የመሰሉ ደግሞ ቀስ እንበል፣ መጀመሪያ በንግድና በመንገድ እንገናኝ አሉ። ሁለቱን ወገኖች አዲስ አበባ ላይ ለማገናኘት የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አቶ ከተማ ይፍሩ ብዙ ደከሙ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር በአፍሪካ አዳራሽ 32 መሥራች አገሮች ያሉት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተቋቋመ። ከሦስት ወር በኋላ ዱቦይስ በ95 ዓመቱ በጋና ሞተ። በ32 ዓመቱ ለንደን ላይ የጀመረው ነገር ድርጅት ሲሆን ለማየት በቃ።

የተሠራውና ያልተሠራው

ድርጅቱ የሠራው ትልቅ ሥራ አለ። ዳሬ ሰላም ላይ የነጻነት ኮሚቴ አቋቁሞ ገና በቅኝ አገዛዝና በዘር አድልዎ ሥር የነበሩትን ረዳ። ሞዛምቢክና አንጎላ በ1975፣ ዚምባብዌ በ1980፣ ናሚቢያ በ1990 ነጻ ወጡ። በ1994 በደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ አገዛዝ አበቃ። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 የወታደር ትምህርት የቀሰመው በአዲስ አበባ በኮልፌ እንደ ነበረ አዛውንቶች ሊያስታውሱ ይችላሉ።

ያልተሠራውም አለ፤ መሸፋፈን አይገባንም። የድርጅቱ ቻርተር «አንዱ በሌላው የውስጥ ጉዳይ አይግባ» ይል ነበር። ይህ ደካማ አገሮችን ከጉልበተኛ ለመጠበቅ ታስቦ ነው። ነገር ግን መሪዎች በገዛ ሕዝባቸው ላይ ያሻቸውን ሲያደርጉ ለዝምታ ሽፋን ሆነ። ኢዲ አሚን የዩጋንዳን ሕዝብ እየገደለ በ1975 የድርጅቱ ሊቀ መንበር ተደረገ። የታንዛኒያው ጁሊየስ ኔሬሬ በዚያ ጉባኤ አልገኝም ብሎ ቀረ። በ1994 በሩዋንዳ በመቶ ቀን ገደማ ውስጥ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሲታረድ አህጉሩ ሊያስቆመው አልቻለም።

በ2002 ድርጅቱ በአፍሪካ ኅብረት ሲተካ ይህ ስሕተት ትምህርት ሆኖ፣ የዘር ማጥፋትና የጦር ወንጀል ሲፈጸም ኅብረቱ ጣልቃ የመግባት መብት እንዲኖረው በመቋቋሚያ ሕጉ ተጻፈ። ዛሬ ኅብረቱ 55 አባል አገሮች አሉት፤ መቀመጫውም አዲስ አበባ ነው። በ2018 አገሮች በአንድ ገበያ ለመገበያየት የአህጉሩን ነጻ የንግድ ቀጣና ስምምነት ኪጋሊ ላይ መፈራረም ጀመሩ። በወረቀት ላይ መልካም ነው። ነገር ግን በ2008 በደቡብ አፍሪካ ከሌላ የአፍሪካ አገር በመጡ ሰዎች ላይ በተነሣው ሁከት ከ60 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በ2015 በተነሣውም ሱቃቸው ከተዘረፈባቸው መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ለነጻነታቸው አህጉሩ ሁሉ የታገለላቸው ሰዎች ልጆች እንዲህ ሲያደርጉ ማየት ያማል።

የቤታችን ጉዳይ

ይህን ሁሉ በሚቀጥለው ሳምንት ለክፍሉ አነበብን። የባሪያውን ንግድ ስንተርክ ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። ከኋላ አግዳሚ የተቀመጡ አንዲት እናት ግን፣ «ሰው የሚሸጥ ነጭ ብቻ ነበር እንዴ?» አሉ። ቀጥለውም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «የእኔ አያት እኮ ከገበያ የተገዙ ናቸው። ሰዉ ያውቀዋል፤ ግን አያወራውም» አሉ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ተገለጠልን። ወራት ሙሉ ስናስተምር በዚያ አግዳሚ ላይ ከእኒህ እናት አጠገብ ሁልጊዜ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍት ቦታ ነበር። ሌሎቹ አግዳሚዎች ተጣበው እንኳ እዚያ የሚቀመጥ አልነበረም። አይተነዋል። ምክንያቱንም ጠርጥረናል። ግን «የአገሩ ልማድ ነው፤ ነገር አንጫር» ብለን አልፈነዋል። ስለ ፊላዴልፊያ ቤተ ክርስቲያን መቀመጫ በቁጣ ያነበብነው እኛው፣ በዓይናችን ሥር ስላለው አግዳሚ ዝም ብለን ነበር።

እውነቱ ይህ ነው። የሩቅ አገር ጥቁር ሕዝብ «ኢትዮጵያ» የሚለውን ስም የነጻነት ዓርማ አድርጎ ሲይዘው፣ በአገራችን ገበያዎች ሰው ይሸጥ ነበር። ወደ ቀይ ባሕርም እየተነዳ ይሻገር ነበር። ኢትዮጵያ በ1923 ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታለች። በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን በ1942፣ በእኛ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. ነው። ሕጉ ከተሻረ በኋላም ማዕድ አለመቁረሱ፣ ጋብቻ አለመፈጸሙ፣ በሹክሹክታ መጠራሩ በብዙ ቦታ ቀርቷል። በሸክላ ሠሪውና በቆዳ ፋቂው ላይ የሚደርሰውም ከዚህ አይለይም።

ይህን የምንለው አድዋን ለማሳነስ አይደለም። አድዋ አይንስም። ነገር ግን የመላው አፍሪካ ብሔርተኝነት ትርጉም እዚህ ላይ ይፈተናል። አሳቡ የቆዳ ቀለም ፍቅር ቢሆን ኖሮ ጥቁር ጥቁርን አይሸጥም ነበር። የተወለደው፣ «ሰው ዕቃ አይደለም፤ ማንም የማንንም ስም አይነጥቅም» ከሚል እንቢታ ነው። ነጭ ሲያደርገው ነውር፣ እኛ ስናደርገው ልማድ ነው የሚል ሰው ስሙን እንጂ ትርጉሙን አልያዘም።

መልሳችን

ስለዚህ ለአባታችን ጥያቄ የምንሰጠው መልስ እንዲህ የሚል ነው። መጀመሪያ ለመሬቱ ስሙን ያወጡት ባዕዳን ናቸው። ስሙን የሰው ስም ያደረጉት በሰንሰለት የተወሰዱት ልጆቻችንና የልጆቻቸው ልጆች ናቸው። ከዚያም በጉባኤ፣ በጋዜጣ፣ በእስር፣ በጦር ሜዳ አጸኑት። እኛ የተቀበልነው ተሠርቶ ነው። ያላለቀው ግን ብዙ ነው፤ የቀረውም ከየቤታችን ይጀምራል።

በሚቀጥለው ማታ ከዘማቾቹ አንዱ ጠመኔውን ይዞ ከመቆሙ በፊት ሄዶ በዚያ ክፍት ቦታ ተቀመጠ። በሳምንቱ አንዲት ልጃገረድ መጥታ ተቀመጠች። ሌሎቹ ገና ናቸው። አባታችን ደግሞ ደብተራቸውን ይዘው መጥተው አሳዩን። በላይኛው መስመር ስማቸውን፣ ቀጥሎ የአባታቸውን ስም፣ ከሥሩም «አፈሪካዊ» ብለው ጽፈዋል። «ልክ ነው?» አሉን። «ፍ» መሆን እንዳለበት አሳየናቸው። አጥፍተው እንደገና ጻፉት።

የቃላት ፍች

አህጉር፦ ብዙ አገሮችን የያዘ ታላቅ የየብስ ክፍል።
ቅኝ ግዛት፦ በሌላ አገር መንግሥት ኃይል ተይዞ የሚገዛ አገር።
ንቅናቄ፦ ብዙ ሰዎች ለአንድ ዓላማ ተነሥተው የሚያደርጉት ትግል።
ልዑክ፦ ሌሎችን ወክሎ ወደ ስብሰባ የሚላክ ሰው።
ቻርተር፦ የአንድ ድርጅት መሠረታዊ ደንብና ዓላማ የተጻፈበት ሰነድ።
አፓርታይድ፦ በደቡብ አፍሪካ ሰውን በቀለሙ ለያይቶ የሚገዛ የነበረ ሥርዓት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. «አፍሪካዊ» የሚለውን ስም አስቀድመው መጠሪያቸው ያደረጉት እነማን ናቸው? ለምን?
2. የ1900ው የለንደን ጉባኤና የ1945ቱ የማንቸስተር ጉባኤ ጥያቄያቸው በምን ይለያያል?
3. የዱቦይስና የጋርቬይ መንገዶች እያንዳንዳቸው ምን ጥቅምና ምን ጉድለት ነበራቸው?
4. «አንዱ በሌላው የውስጥ ጉዳይ አይግባ» የሚለው ደንብ ማንን ጠቀመ? ማንንስ ጎዳ?
5. በምትኖሩበት ቀበሌ ሰው አጠገቡ የማይቀመጥለት ሰው አለ? ለምን? ምንስ ማድረግ ትችላላችሁ? በቡድን ሆናችሁ ተወያዩና የደረሳችሁበትን አሳብ በአምስት መስመር ጻፉ።